በልግና መኸር፤ የጂም ቶርፕ ሁለት ጨዋታ

በሁለት ስፖርት ደመወዝ እየተቀበለ የተጫወተ ሰው ታሪክ ሲነገር፣ ሰሚው አስቀድሞ የሚያደንቀው የጉልበቱን ብዛትና የተሰጥዎውን ስፋት ነው፤ አንዱን ጨዋታ ጠንቅቆ ለማወቅ የሰው ወጣትነት በማይበቃበት ዓለም ሁለቱን ባንድነት የያዘ ሰው እንደ ተአምር ይቈጠራልና። ዳሩ ግን ይህን ዓይነቱን ኑሮ ከጥንቱ፣ ይኸውም ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ለሚመረምር ሰው፣ ነገሩ ከአክሊል ይልቅ ወደ እንጀራ ያደላ ሆኖ ይገኛል። የአገራችን ገበሬ በልጉን አጭዶ መኸርን የሚደግመው ጉልበት ተርፎት ሳይሆን የአንዱ ምርት ከዘመን ዘመን ስለማያደርሰው እንደ ሆነ ሁሉ፣ የዚያ ዘመን አሜሪካዊ ተጫዋችም በሙቀቱ ወራት ቤዝቦል፣ በመጸው ደግሞ በሞላላ ኳስ የሚደረገውን የአሜሪካን እግር ኳስ የሚጫወተው፣ አንዱ ጨዋታ ብቻውን ዐሥራ ሁለቱን ወር ስለማይቀልበው ነበር። የዚህን ኑሮ ጣዕሙንም ምሬቱንም አሟጦ የቀመሰው ጂም ቶርፕ ስለ ሆነ፣ ዳሰሳችን በአብዛኛው በእርሱ ሕይወት ላይ ይሰነብታል፤ የዓመቱም ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በዚህ መንገድ የሄደ ግን ቶርፕ የመጀመሪያው አይደለም። በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪነቱ ስሙ የገነነው ክሪስቲ ማቲውሰን በ1902 ለፒትስበርግ ቡድን እግር ኳስ ተጫውቷል። በኦሃዮ ግዛት ሼልቢ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ቻርልስ ፎሊስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በ1904 ከከተማይቱ ቡድን ጋር ውል ተፈራርሞ፣ በእግር ኳስ የውል ደመወዝ የተቀበለ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ለመባል በቃ፤ ጉዳት እግር ኳሱን ሲያስተወው ጥቁሮች ብቻ በሚጫወቱበት የቤዝቦል ቡድን ኳስ ቀላቢ ሆኖ ሲኖር፣ በ1910 በሳንባ ምች ታሞ በ31 ዓመቱ ዐረፈ። ከፎሊስ ጋር በሼልቢ ሜዳ አብሮ የተጫወተው ነጭ ተማሪ ብራንች ሪኪ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈርሞ ለጥቁሮች ተዘግቶ የኖረውን የቤዝቦል በር የከፈተው ሰው ነው። ሪኪ በዚያን ጊዜ የፎሊስን ትዕግሥት አስታውሶ ይሁን አይሁን የልቡን መርምሮ የሚናገር የለም፤ እኔ ግን ሁለቱን ነገሮች ለያይቼ ማየት ይከብደኛል።

ቶርፕ በ1887 ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው፣ በዚያን ጊዜ ግን ለአሜሪካ ጥንተ ነዋሪዎች ተከልሎ በነበረው ምድር፣ ከሳክ ኤንድ ፎክስ ነገድ መንታ ሆኖ ተወለደ። በነገዱ ቋንቋ ዋቶሑክ ተባለ፤ ትርጓሜውም ብሩህ ጎዳና እንደ ማለት ነው። በእናቱ ሃይማኖት ደግሞ በካቶሊክ ሥርዓት ተጠመቀ። መንታ ወንድሙ ቻርሊ በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በሕመም ሞተበት፤ እናቱንና አባቱንም ሃያ ዓመት ሳይሞላው ቀበረ። በ1904 የገባበት የካርላይል ትምህርት ቤት በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሪቻርድ ፕራት የሚባል የጦር መኰንን በ1879 በአሮጌ የጦር ሰፈር ውስጥ የመሠረተው ነው፤ ዓላማውም በኮሎምቦስ ስሕተት ሕንዶች ተብለው የቀሩትን ሕዝቦች ልጆች ከነገዳቸው ቋንቋና ልማድ ለይቶ እንደ ነጭ ማሳደግ ነበረ። ልጁ በገባ ዕለት ጠጕሩ ይቈረጣል፤ የወታደር የመሰለ ልብስ ይለብሳል፤ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ቢገኝ ይቀጣል፤ ግማሹን ቀን ተምሮ ግማሹን ይሠራል፤ ከዚያም አልፎ በነጮች እርሻ እንዲያገለግል ይላካል። ቶርፕም ተልኮ አገልግሏል። እንደሚተረከው በ1907 የሥራ ቱታውን እንደ ለበሰ በሜዳው ሲያልፍ፣ የከፍታ ዘላዮቹ ያቃታቸውን 1 ሜትር ከ75 ሳንቲም የሚሆን አግዳሚ ተሻግሮ መንገዱን ቀጠለ፤ በማግስቱም አሠልጣኙ ግሌን ዋርነር አስጠራው።

በ1909 የሙቀት ወራት፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ እርሻ ሲላኩ፣ ቶርፕ ከሁለት የትምህርት ቤት ባልንጀሮቹ ጋር ወደ ሰሜን ካሮላይና ወርዶ ሮኪ ማውንት በምትባል ከተማ ለአንድ አነስተኛ የቤዝቦል ቡድን ተጫወተ፤ በ1910ም ደገመው። ያገኘው ገንዘብ ለዕለት ምግቡና ለማደሪያው ያህል እንጂ ሀብት የሚባል አልነበረም። በዚያ ዘመን የታላላቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በሙቀቱ ወራት ዕረፍታቸው እንዲሁ እየወረዱ ይጫወቱ ነበር፤ እነርሱ ግን ስማቸውን ይለውጣሉ። ቶርፕ በገዛ ስሙ ተጫወተ፤ ስሙም በየአካባቢው ጋዜጣ ታተመ። መከራው ሁሉ የመጣው ከዚህች የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አማተር ሕግ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እርሱ ነውና። ሕጉ ጨዋታን ለፍቅሩ እንጂ ለዋጋ የማይጫወት ሰው ብቻ በውድድር እንዲገባ ያዛል፤ ሲሰሙት ንጹሕ ይመስላል። የትውልድ ሐረጉን የመረመረ ሰው ግን ሌላ መልክ ያይበታል። በእንግሊዝ አገር የሄንሊ የጀልባ ቀዛፊዎች ማኅበር በ1879 ሕጉን ሲጽፍ፣ ለውድድር ሽልማት ገንዘብ የተቀበለውን ብቻ ሳይሆን፣ በእጁ ሥራ ደመወዝ የሚበላውን የእጅ ጥበብ ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ጭምር ከአማተርነት አውጥቶታል። አናጢ ጀልባ ቀዝፎ አንዲት ሳንቲም ባይቀበል እንኳ አናጢነቱ ራሱ ያረክሰው ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ጨዋታን ለፍቅር ብቻ መጫወት የሚችለው ጓዳው በአባቱ ርስት የተሞላ ሰው ሲሆን፣ ይህንኑ ዕድል የምግባር ቀኖና አድርጎ በድኻው ላይ መጫን ርትዕ አይደለም። የካርላይል ቡድን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሚሰበስበው የመግቢያ ዋጋ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ሣጥን ሲያደልብና አሠልጣኙም ጥሩ ደመወዝ ሲበላ፣ ኳሱን ተሸክሞ የሚወድቅ የሚነሣው ልጅ ብቻ ገንዘብ እንዳይነካ ታዝዞ ነበር።

ቶርፕ ወደ ካርላይል ተመልሶ በ1911 ሃርቫርድን 18 ለ15 ባሸነፉበት ግጥሚያ አራት ጊዜ ኳሱን በእግሩ መትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል ሲያሳልፍ፣ የአገሩ ጋዜጦች ስሙን አነሡት። በ1912ም ወደ ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሄደ። ፔንታትሎን ከሚባለው የአምስት ዓይነት ውድድር በአራቱ አንደኛ ወጣ፤ ዴካትሎን የሚባለውን የዐሥር ዓይነት ውድድር ደግሞ በ8,412 ነጥብ ሲያሸንፍ፣ ሁለተኛ የወጣውን ስዊድናዊ ሁጎ ቪስላንደርን ወደ 700 በሚጠጋ ነጥብ ርቆት ነበር። ከዚያ ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ ቀርቷል። ቶርፕ ቁምጣና የአሜሪካን ማልያ ለብሶ፣ እጆቹን በጎኑ አድርጎ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ኵራትም ድካምም አይነበብም። ዓይን ወደ እግሩ ሲወርድ ግን አንዱ ካልሲ ካንዱ አይገጥምም፤ ጫማዎቹም የተለያዩ ናቸው፤ የገዛ ጫማው ተሰርቆበት ከዚህም ከዚያም የተገኘውን አጥልቆ ነው ይባላል። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አምስተኛ ሽልማቱን በእጃቸው ሰጡት፤ ሲመለስም ኒውዮርክ በአደባባይ ሰልፍ ተቀበለችው። በዚያው ዓመት መጸው ካርላይል የአሜሪካን የጦር አካዳሚ ቡድን 27 ለ6 ሲያሸንፍ፣ ከተሸናፊዎቹ ወገን ቶርፕን ለማስቆም ሲታገል የነበረ ድዋይት አይዘንሃወር የሚባል እጩ መኰንን ነበረ፤ ያው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው።

በጥር 1913 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ የሚታተም ጋዜጣ የሮኪ ማውንቱን ነገር አወጣው። ቶርፕ ለአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር በተላከ ደብዳቤ አልካደም፤ መጫወቱን ተናዞ፣ የትምህርት ቤት ልጅ ስለ ነበር ነገሩ ነውር መሆኑን አለማወቁን፣ ሌሎች ተማሪዎች ያደረጉትን ማድረጉን፣ ልዩነቱ ስሙን አለመሸሸጉ ብቻ መሆኑን ገለጸ። አሠልጣኙ ዋርነር ምንም አላውቅም ነበር አለ፤ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቃል አይቀበሉትም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ምርጥ ተጫዋቹ ሁለት ዓመት ሲጠፋበት የት ዋልህ ብሎ የማይጠይቅ አሠልጣኝ በየትም አገር አይገኝምና። ማኅበሩ ስሙን ፋቀ፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም ሜዳልያዎቹን አስመለሰ። የስቶክሆልሙ ደንብ ግን በማንኛውም ተወዳዳሪ ላይ የሚቀርብ ክስ በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር፤ ክሱ የመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ፈራጆቹ ቶርፕን በሕግ ሲከሱ የገዛ ሕጋቸውን አፍርሰዋል ማለት ነው፤ ይህን ለማስተዋልም ሰባ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

አማተርነቱ ከተገፈፈ በኋላ የሚሰስትለት ነገር አልነበረምና በዚያው ዓመት ለኒውዮርክ ጃይንትስ የቤዝቦል ቡድን ፈረመ። በዚያው መጸው ቡድኑ ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ጋር ዓለምን ሊዞር ሲነሣ ቶርፕም አብሮ ሄዶ በካይሮም በሎንዶንም ተጫወተ፤ በየደረሱበት ሕዝቡ ሊያይ የሚጋፋው እርሱን ነበረ። ቤዝቦል ግን ከጨዋታዎቹ ሁሉ ያልታዘዘለት ነው። ሩጫው ፈጣን፣ ክንዱ ብርቱ ሳለ፣ ጠምዘዝ ብሎ የሚመጣውን ውርወራ ማንበብ ያቅተው ነበር ይባላል፤ የቡድኑ አለቃ ጆን መግሮም ለሕዝብ መሳቢያ አስፈርሞት አብዛኛውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እስከ 1919 በታላቁ ሊግ 289 ግጥሚያ ተጫውቶ የመምታት ድርሻው ከሺህ 252 ሆነ፤ መካከለኛ የሚባል ነው። ብቻ በመጨረሻው ዓመት ወደ ቦስተን ተዛውሮ ሳያቋርጥ ለመጫወት ዕድል ቢያገኝ 327 መታ፤ ይህን ቍጥር ያየ ሰው ጥፋቱ የማን እንደ ነበር ለራሱ ይፍረድ።

ከቤዝቦል ዘመኑ ግን አንዲት ቀን አለች። ግንቦት 2 ቀን 1917 በቺካጎ፣ ቶርፕ ለሲንሲናቲ ይጫወት በነበረበት ጊዜ፣ ሁለቱም ወርዋሪዎች፣ የሲንሲናቲው ፍሬድ ቶኒና የቺካጎው ጂም ቮን፣ በዘጠኙ ዙር ሁሉ ለተጋጣሚያቸው አንዲት ንጹሕ ምት እንኳ ሳይሰጡ ቀሩ፤ በታላቁ ሊግ ታሪክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልታየ ነገር ነው። በዐሥረኛው ዙር ላሪ ኮፍ የሚባል ተጫዋች መጀመሪያ መታ፤ በባላጋራው ስሕተትም ወደ ሦስተኛው ማዕዘን ደረሰ። ያን ጊዜ ቶርፕ ዱላውን ይዞ ቀረበ። የመታው ምት ምንም ግርማ አልነበረውም፤ ኳሷ ከወርዋሪው ፊት ለፊት መሬት ለመሬት ተንከባለለች። ቮን ቶርፕን ሮጦ እንደማይቀድመው ስላወቀ ኳሷን ወደ ቀላቢው ወረወረ፤ ኮፍ ግን ገባ። ግጥሚያው 1 ለ0 ተፈጸመ። በስቶክሆልም ዓለምን ያስደነቀው ሰው ለቤዝቦል መዝገብ የተወው ትልቁ ማስታወሻ ይህች ተንከባላይ ኳስ ናት።

በመጸው ግን ሌላ ሰው ነበር። በ1915 በኦሃዮ የካንተን ቡልዶግስ ቡድን ለአንድ ግጥሚያ 250 ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ፤ በዚያን ጊዜ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ የቡድኑ አስተዳዳሪም አብዷል ተባለ። ዳሩ ግን ከዚያ በፊት 1,200 ያህል ሰው ብቻ ይመጣበት ወደ ነበረው ሜዳ፣ ቶርፕ በጎረቤት ከተማ በማሲሎን ላይ በተሰለፈ ዕለት 8,000 ተመልካች መጣ። እግር ኳስ እንደ ቤዝቦል የቆየ ሊግ፣ ቋሚ ውልና የተመዘገበ ሥርዓት አልነበረውም፤ ተጫዋቾች ለዛሬ ከዚህ ቡድን ለሳምንቱ ከዚያ እየተከራዩ የሚዞሩበት፣ ጨዋ ሰው ልጁን የማይልክበት ሥራ ነበረ። ስለዚህ ቶርፕ የቤዝቦሉን ወራት ለደመወዙ ዋስትና፣ የእግር ኳሱን ወራት ለክብሩ ይጠብቅ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በመስከረም 1920 የየቡድኑ ባለቤቶች በካንተን በአንድ የመኪና መሸጫ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ወንበር ስላልበቃ አንዳንዶቹ በመኪኖቹ መረገጫ ላይ ተቀምጠው ተመካከሩ ይላሉ የነበሩት። በዚያች ዕለት ዛሬ ኤንኤፍኤል የሚባለው ማኅበር ተመሠረተ፤ ፕሬዚዳንትም አድርገው ቶርፕን ሾሙት። ሢመቱ ለስሙ ነው እንጂ ለአስተዳደር አልነበረም፤ በዓመቱም ለሌላ ሰው አስረከበ። ከዚያ በኋላ በ1922ና በ1923 ዋልተር ሊንጎ የሚባል የውሻ አርቢ፣ ኤርዴል የሚባሉትን ውሾቹን ለማስታወቅ ሲል ባቋቋመው፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ የአገሬው ተወላጆች በሆኑበት ቡድን አሠልጣኝና ተጫዋች ሆነ፤ በግጥሚያው እኩሌታ ላይ ተጫዋቾቹ ከውሾቹ ጋር እየወጡ ትርኢት ያሳዩ ነበር። የኦሊምፒክ ባለድል በውሻ ገበያ ማስታወቂያ ውስጥ! ይህን የምጽፈው ልዘባበትበት አይደለም፤ ደመወዙን ያገኘው ከዚያ ስለ ነበር ነው። የመጨረሻ ግጥሚያውን በ1928 ተጫውቶ ጫማውን ሲሰቅል አርባ አንድ ዓመቱ ነበረ።

በዚያው ዘመን ሌሎችም በሁለት በኩል አርሰዋል። ጆርጅ ሃላስ በ1919 ለኒውዮርክ ያንኪስ 12 ግጥሚያ ከተጫወተ በኋላ ቤዝቦሉን ትቶ የቺካጎ ቤርስ መሥራች ሆነ። ኧርኒ ኔቨርስ በ1927 ለሴንት ሉዊስ ቤዝቦል ሲወረውር፣ ቤብ ሩዝ በዚያ ዓመት ከመታቸው 60 ታላላቅ ምቶች ሁለቱን ከእርሱ ላይ ወሰደ፤ በ1929 ግን በእግር ኳስ ሜዳ በአንድ ግጥሚያ ብቻውን 40 ነጥብ አስቈጠረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቦ ጃክሰን ሁለቱን ጨዋታ ባንድነት ሲይዝ ሕዝቡ የቶርፕን ስም አንሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ንጽጽሩ ከጉልበት አያልፍም። ለቦ ጃክሰን ሁለተኛው ጨዋታ ምርጫ ነበር፤ ለቶርፕ ግዴታ።

ከሜዳ ከወጣ በኋላ ያለውን ኑሮውን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። በሆሊዉድ ፊልም ስሙ ሳይጠራ በአጃቢነት ተሠለፈ፤ በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን በሎስ አንጀለስ በዶማ መሬት ሲቆፍር ፎቶግራፍ ተነሣ። በ1932 በዚያችው ከተማ ኦሊምፒክ ሲደረግ የመግቢያ ዋጋ እንዳልነበረው ተሰማ፤ ከካው ነገድ የሚወለዱት ምክትል ፕሬዚዳንት ቻርልስ ከርቲስ አብረዋቸው እንዲቀመጥ ጋበዙት፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበለት። በ1950 የአሜሪካ ጋዜጠኞች የግማሹ ምዕት ዓመት ታላቅ ስፖርተኛ ብለው መረጡት፤ በ1951 ቡርት ላንካስተር እርሱን ሆኖ የሠራበት ፊልም ወጣ፤ መብቱን አስቀድሞ በጥቂት ገንዘብ ሸጦት ስለ ነበር ከገቢው ይህን ያህል አልተጠቀመም፤ በዚያው ዓመት በከንፈሩ ላይ ነቀርሳ ሲወጣበት በነጻ ታከመ። መጋቢት 28 ቀን 1953 በካሊፎርኒያ በልብ ድካም ዐረፈ።

የሜዳልያው ነገር ከእርሱ በኋላ ቀጠለ። በስቶክሆልም በሁለቱም ውድድር ከቶርፕ በታች የወጣው ኤቨሪ ብራንዴጅ ከ1952 እስከ 1972 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ውሳኔው አልተነካም። እዚህ ላይ እኛም አንድ ነገር ማስታወስ እንችላለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮማ፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው በዚሁ በብራንዴጅ ዘመን ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበርና ደመወዙን ከሠራዊቱ ይበላ ነበር፤ ሲያሸንፍም ንጉሠ ነገሥቱ ማዕረጉን ከፍ አደረጉለት። ይህም የተገባ ነበር፤ ሕጉም የወታደርን ደመወዝ እንደ ስፖርት ዋጋ አልቈጠረውም። ታዲያ መንግሥት የሚቀልበው አትሌት ንጹሕ ሲባል፣ በዕረፍት ወራት ለማደሪያው ያህል ኳስ የመታው ወላጅ አልባ ተማሪ እንደ ረከሰ የሚቈጠርበት ሕግ ከየትኛው የፍትሕ ሚዛን እንደ ተቀዳ አይገባኝም።

በ1973 የአሜሪካው ማኅበር አማተርነቱን መለሰለት። ከዚያም ሮበርት ዊለርና ባለቤቱ ፍሎረንስ ሪድሎን የ30 ቀኑን ደንብ የያዘውን ጽሑፍ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፈልገው አገኙት፤ በ1982 ኮሚቴው ቶርፕን ወርቁ ከተላለፈላቸው ተከታዮቹ ጋር እኩል አሸናፊ ሲል፣ በ1983 መጀመሪያ የሜዳልያዎቹ ቅጂ ለልጆቹ ተሰጠ። እኩል የሚለው ቃል ግን ግማሽ ፍርድ ነው፤ የቪስላንደር ቤተሰብ አባታቸው የተሰጠውን ወርቅ ከቶ እንዳልተቀበለና ባለድሉ ቶርፕ ብቻ ነው ይል እንደ ነበር መሰከሩ። በሐምሌ 2022፣ ውድድሩ በተደረገ በ110 ዓመቱ፣ ቶርፕ የሁለቱም ውድድር ብቸኛ አሸናፊ ሆኖ ተመዘገበ።

ሥጋው ግን ገና አልተመለሰም። በኦክላሆማ በነገዱ ሥርዓት ሊቀበር ሥርዓቱ ተጀምሮ ሳለ ሦስተኛ ሚስቱ ሬሳውን አስነሥታ ወሰደችው፤ በ1954 በፔንሲልቫኒያ ሞክ ቸንክና ኢስት ሞክ ቸንክ የተባሉ ሁለት የደከሙ የከሰል ከተሞች ተዋሕደው ጂም ቶርፕ ለመባል ሲስማሙ እዚያ ተቀበረ። ልጆቹና ነገዱ አጥንቱን ለመመለስ በፍርድ ቤት ተከራክረው መጀመሪያ ረቱ፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ገለበጠው፤ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። መቃብሩ ዛሬም በዚያች ከተማ ነው። ከሥሩም ሁለት ዓይነት አፈር ተደልድሏል፤ አንዱ ከኦክላሆማ፣ አንዱ ከስቶክሆልሙ ስታዲየም የመጣ ነው።